አያ ኑርሁሴን የጣለው ብልቃጥ

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። እኔ ቂሜንም ይዤ ሶላቴንም ሰግጄ፣ ይኸው ስልሳን ካለፍኩ ሰነበትኩ። የቀረውን እሱ ያውቃል። ይህን የምለው ባለፈው ክረምት አዘዞ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩት ሰው በበሩ ሲገባ ስላየሁት ነው። ልጄ ለይላ የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ ለአልትራሳውንድ ይዣት ሄጄ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ወለሉ በረኪና በረኪና ይሸታል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ድምፁ ጠፍቶ ምስሉ ብቻ ይሄዳል። ለይላን ስሟን ጠርተው አስገቧትና ብቻዬን ቀረሁ። ያኔ ነው ኑርሁሴን የገባው። ወገቡ ጎብጧል፣ ከዘራ ይዟል፣ ጢሙን በሂና አቅልቶታል። ከኋላው ከለይላ የምታንስ፣ አይኗን መሬት የተከለች ልጅ ትከተለዋለች። እሱ አላወቀኝም። እኔ ግን በአገባቡ አወቅኩት፤ ድሮም ቀኝ ትከሻውን አስቀድሞ ነበር የሚገባው፣ የገባበት ቤት ሁሉ የአባቱ ይመስል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ኑርሁሴን የመጀመሪያ ባሌ ነው። የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ የጨርቅ ነጋዴ የልጅ ልጅ፤ ሱቃቸው ጎንደር አራዳ ላይ፣ ጣሊያን ከሠራቸው ቤቶች በአንዱ ሥር። ያን ጊዜ አራዳ እንደ ዛሬው የስልክ ሽፋንና የፕላስቲክ ጫማ ማራገፊያ አልነበረም። ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን በረንዳው ላይ ደርድረው ከጠዋት እስከ ማታ ያንቀጫቅጩታል። ማዕዘኑ ላይ ያለው ካሴት ቤት አዲስ ዘፈን በመጣለት ቁጥር ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ይለቀዋል፤ የከተማው ጎረምሳም እግሩ በሰፋ ሱሪው መንገድ እየጠረገ፣ አፍሮውን እያበጠረ እዚያው ይቆማል። ሻይ በስሙኒ ነበር። ሴቱ አዲስ ሻሽ ያሰረ ዕለት ሱቅ ለሱቅ የሚዞረው ለመግዛት ሳይሆን ለመታየት ነው፤ እኔም ዞሬያለሁ። የኑርሁሴን ሱቅ ቴትሮኑ፣ ፖፕሊኑ፣ ከፋዩ በጥቅል በጥቅሉ ቆሞ የናፍታሊንና የአዲስ ጨርቅ ሽታ ነበረው። ያ ሽታ ዛሬም ድንገት ካገኘኝ ቆም ያደርገኛል፤ ከዚያ ቀጥሎ ጥርሴን ያስነክሰኛል። ቆንጆ ነበር፣ መዋሸት አልወድም። ጨርቅ ሲለካ ክንዱን ዘርግቶ ከትከሻው ጫፍ እስከ ጣቱ ሲስበው አገር ይለካ ይመስል ነበር። የዘመኑን ፖለቲካ አትጠይቁኝ፤ እኔ የማስታውሰው ስብሰባ ሲኖር ሱቅ እንደሚዘጋና ያን ቀን አማቴ እንደሚከፋት ብቻ ነው።

አማቴ እትየ ዘይነባ ሱቁ በር ላይ ቆዳ የለበሰች በርጩማ ነበረቻት። ከዚያች በርጩማ ሳትነሳ ጨርቅ ትሸጣለች፣ አላፊ አግዳሚውን ትመዝናለች፣ የልጇንም ትዳር ትመራለች። ተጋብተን ዓመት አለፈ፣ ሌላም አለፈ፣ ሆዴ ዝም አለ። መጀመሪያ «አላህ ሲፈቅድ» ተባለ። ቀጥሎ የገባ የወጣው ሁሉ ፊቴን ትቶ ሆዴን ያይ ጀመር። ሥር ማሽ ተጠርቶ ምላስ የሚቆርጥ መራራ አጠጡኝ፤ ወጌሻዋ ሆዴን እንደ ሊጥ አሸችው፤ ታጠንኩ፣ ዱዓ ተደረገልኝ። ሁሉንም ዋጥኩት። አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልወረደልኝም። በእኛ ሰፈር፣ በአዲስ ዓለም፣ የሙሽራን ሂና የምትበጠብጠው የወለደች ሴት ናት፤ ልጅ ያላቀፈ እጅ ሂናውን ከነካው ሙሽራዋም ትመክናለች ይባላል። የኑርሁሴን እህት ስትዳር ሂናውን ገበያ ወርጄ የገዛሁት እኔ፣ በነጠላ የነፋሁት እኔ። ጎድጓዳውን ሳህን ይዤ ውሃ ልጨምር ስል እትየ ዘይነባ ከሴቶቹ መሀል ተነስታ ከእጄ ወሰደችው።

«አንች ሻዩን ቅጅ» አለችኝ።

ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ሴቶቹ ሁሉ ያላዩ ለመምሰል በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ። እኔም ሻዩን ቀዳሁ፤ አንድም ብርጭቆ አልደፋሁም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸው አለመድፋቴ ነው።

ሆስፒታል የወሰደኝ አዘዞ የሚኖረው ወንድሜ ነው። ያን ጊዜ ለሴት ሕመም የነበረው መሣሪያ እፍኝ አይሞላም፤ ቀዝቃዛ ብረት ነው፣ ራጅ ነው፣ የሐኪሙ እጅ ነው። ማህፀኔ ውስጥ ቀለም ረጭተው ራጅ አነሱኝ። የዚያን ቀን ጩኸቴን ጆሮዬ አሁንም ያውቀዋል። ቀለሙ በደንብ አልፏል፣ መንገዱ ክፍት ነው አሉ። ሐኪሙ ወጣት ነበር፣ ሲናገር ወደ ኑርሁሴን ዞሮ ነው። «እሷን ደጋግመን አየናት፤ አሁን ደግሞ አንተን እንይ። ሕመም የለውም። ናሙናህን በዚህች ብልቃጥ ታመጣለህ፣ በማይክሮስኮፕ እናየዋለን፣ አለቀ።» ብሎ ትንሽ የብርጭቆ ብልቃጥ ሰጠው። ኑርሁሴን ብልቃጧን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ፣ እቤት ሲደርስ ለእናቱ ሰጣት። ለእናቱ! እትየ ዘይነባ ብልቃጧን ወደ ብርሃን አንስታ አየቻት።

«ምነው! የኔን ልጅ ወይፈን ገበያ አወጡት እንዴ፣ ዘሩ የሚታይ?» አለች።

በዚያው ሳምንት ብልቃጧን አጥባ ኩል ሞላችባት። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ እኔን ነፃ ታወጣኝ ከነበረችው ብልቃጥ እንጨት እያጠቀሰች አይኗን ስትኳል አያታለሁ። ኑርሁሴንም ያያታል። አንድ ቀን እንኳ አፍሮ አይኑን አልመለሰም።

ኑርሁሴን የፈታኝ፣ ዝናብ በሌለበት ወር ነው። ዕቃዬን ያስጫኑኝ ደግሞ ቅዳሜ፣ ገበያው በደመቀበት ሰዓት፣ እትየ ዘይነባ ራሷ መርጣ። ሳጥኔ፣ ፍራሼ፣ እናቴ የሰጠችኝ መስታወት በጋሪ ላይ ተጭነው፣ እኔ ከላያቸው ተቀምጬ። አራዳ መሀል ስንደርስ ከሱቁ በር ላይ ባለ ጋሪውን ጠራችው፤ አልረሳትም፣ ቃል በቃል ነው የማስታውሰው። «ልጄ፣ ቀስ ብለህ ንዳ፤ መስታወት አለበት» አለችው። እሱም ቀስ አለ። ልብስ ሰፊዎቹ እግራቸውን ከመኪናው አነሱ። ካሴት ቤቱ ያን ቀን የሰርግ ዘፈን ነበር የከፈተው። ፈረሱ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው እየተጎተተ አራዳን ከዳር እስከ ዳር አሳየኝ፤ ከተማውም እኔን አየኝ። መካን የሚለውን ስም ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልነገረኝ የጎንደር ድንጋይ ብቻ ነው።

ወንድሜ ቤት ሁለት ክረምት ተቀመጥኩ። ሰይድ የመጣው ያኔ ነው፤ የእንፍራንዝ ልጅ፣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ። ሳልደብቀው ነገርኩት። «መካን ነች ይሉኛል፤ ኋላ አላወቅኩም እንዳትል» አልኩት። እሱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ምነው፣ ማን መረመረው?» አለኝ። ማን መረመረሽ አይደለም ያለው። ከኒካሁ በፊት እዚያው ሆስፒታል ሄዶ ብልቃጥ ተቀበለ። እንዳይቀዘቅዝ ከሰውነትህ አስጠግተህ ያዘው ስላሉት በደረት ኪሱ ይዞ፣ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ በፀሐይ እያላበው ሲሄድ መንገድ ላይ ያገኘው ጓደኛው «አያ ሰይድ፣ ምን ይዘህ ነው?» ቢለው «ልጄን» ብሎት አለፈ። ይህን ሲነግረኝ ከሳቄ ብዛት እንባዬ ወረደ፤ እንባዬ ግን በሳቁ ብቻ አልነበረም።

ለይላን የፀነስኩ ጊዜ አራዳ ላይ አዲስ ክሊኒክ ተከፍቶ ሆድ የሚያይ ማሽን መጣ ተብሎ ከተማው ሁሉ ያወራል። ሴቱ «የሆድ ቴሌቪዥን» ነበር የሚለው። ሆስፒታሉ ቢቀርበኝም እኔ አራዳ ካልሆነ አልኩ። ከፋይ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ሽቶ ተቀባሁ። ሆዴ ላይ የሚያንሸራትት ቀዝቃዛ ነገር ቀቡኝና ማሽኑን ሲያስነኩኝ፣ ከዚያ ጥቁርና ነጭ ጉም መሀል አንዲት ፍሬ ቱግ ቱግ ስትል አየሁ። ልቧ ነው አሉኝ። ፎቶውን በቀጭን ወረቀት አትመው ሰጡኝ። ሌላዋ ሴት ብትሆን ለባሏ ይዛ ትሄዳለች። እኔ ቀጥ ብዬ መንገዱን ተሻገርኩና ከእትየ ዘይነባ በርጩማ ፊት ቆምኩ።

«ሰላም አለይኩም፣ እትየ። ይኸው፣ የመካኗ ሆድ» ብዬ ወረቀቱን ዘረጋሁላት።

በተኳለ አይኗ አየችው፣ ገለበጠችው፣ ደግማ አየችው። «ይኸማ ደመና ነው» ብላ መለሰችልኝ። ኑርሁሴን ከውስጥ ሆኖ ጨርቅ ይለካል፤ ቀና አላለም።

ደህና፣ ደመናዋ ተወለደች፣ እያለቀሰች። ታዲያ አገሬው «እውነትም ሐሊማ መካን አይደለችም፣ ችግሩ ከሱ ነው» ያለ ከመሰላችሁ ጎንደርን አታውቋትም። «ደማቸው ሳይገጥም ቀርቶ ነው» ተባለ። ይህች ቃል ከየት እንደመጣች አውቃለሁ፣ ከዚያች በርጩማ ላይ ነው። ኑርሁሴን ሁለተኛ አገባ፣ ዓመታት አቆይቶ ፈታ፤ ደማቸው አልገጠመም። ሦስተኛ አገባ፣ እሷም ሥሩን ጠጥታ፣ ሆዷን ታሽታ፣ ሳጥኗን አስጭና ሄደች፤ የሷም ደም አልገጠመም። የአንድ ሰው ደም ከሴቱ ሁሉ ጋር ሲጣላ ምነው እስቲ ያን ደም እንየው የሚል ጠፋ። ሁለቱም ሌላ አግብተው ወለዱ ሲባል ሰማሁ። እትየ ዘይነባ ሞተች፤ ቀብሯ ላይ ሄጃለሁ፣ የሄድኩት ግን መቀበሯን ለማረጋገጥ ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ ካልፈለገም ይተወው።

ዛሬ ለይላ በስልኳ የወር አበባዋን ቀን የሚቆጥርላት ነገር አላት፤ ቀኑ ሲደርስ ጢው ይላል። የፅንሱ ልብ ትርታ ከክሊኒኩ ሳትወጣ ስልኳ ላይ ይደርሳታል፣ እሷም እንፍራንዝ ላለችው አክስቷ ትልከዋለች። በሆድ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ቀድደው ካሜራ ያስገባሉ፤ እንቁላሉን ከሴቲቱ አውጥተው በመስታወት ዕቃ ውስጥ ከወንዱ ጋር ያገናኛሉ አሉ። ሱብሃነላህ! እኔ በዚህ ሁሉ ደስ ይለኛል፣ በዚህ ሁሉ ደግሞ እናደዳለሁ። ያ ሁሉ ጥበብ፣ ያ ሁሉ ብርሃንና ሽቦ ሲያድግ ሲመነደግ የገባው እኛ ሆድ ውስጥ ነው። ከወንዱ የተፈለገው ግን ያኔም አሁንም አንዲት ብልቃጥ ናት። ማይክሮስኮፑ እኮ በእኔም ጊዜ ነበር! የጎደለው ማሽን አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ክሊኒኩ ልመለስ። ነርሷ ለኑርሁሴን ክዳን ያላት የፕላስቲክ ብልቃጥ በትንሽ ፌስታል አድርጋ ሰጠችው፣ ኮሪደሩን አሳየችው። እሱ ሲሄድ ልጅቷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። መዲና እባላለሁ አለችኝ። የሻሿን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

«ታመሽ ነው፣ ልጄ?»

«የለም፣ እማማ። መውለድ እምቢ ብሎኝ ነው። ሆዴን ቀደው ካሜራ እንዲያስገቡብኝ ባሌ ፈልጎ ነበር፣ እዚህ ደግሞ መጀመሪያ እሱ ካልተመረመረ አንነካሽም አሉ።»

«ሸጋ ብለዋል።»

«እሱ ግን ተቆጣ። ድሮ ተመርምሬ ደህና ነህ ተብያለሁ ይላል። ከኔ በፊት የነበሩት ሦስቱም መካኖች ነበሩ አለኝ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔም አራተኛ እንዳልሆን ፈራሁ። ደማችን ባይገጥምስ?»

ያች ቃል! ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ፣ ከሟች አፍ ወጥታ ከዚህች ጨቅላ አፍ ገባች። መልስ ልሰጣት ስል ከተቀመጥኩበት ሆኜ ኑርሁሴንን አየሁት። ከኮሪደሩ ጫፍ ብቅ አለ፣ ግራ ቀኝ ተመለከተ፣ ፌስታሉን ከነብልቃጡ በሩ አጠገብ ካለው የአበባ ተክል ኋላ ጣለና ልብሱን እያራገፈ መጣ። ቀኝ ትከሻውን አስቀድሞ።

«ሰጠሁ። ደህና ነው አሉኝ። ተነሽ፣ ነገ ባሕር ዳር ሄደን እዚያ ያድርጉልሽ» አላት።

«እንዲህ ቶሎ?» አለች መዲና።

«አሁን እኮ ሁሉ በማሽን ነው። ባንድ አፍታ ይናገራል።»

ተነሳሁ። ጉልበቴ የዘወትር ሕመሙን ረስቶ ነበር። ከተክሉ ኋላ ፌስታሉን አነሳሁ፣ ብልቃጧን አወጣሁ፣ ክዳኗ እንኳ አልተከፈተም። ሰው በሞላበት አዳራሽ መሀል ቆሜ፣ ድሮ ሻይ ስቀዳ ባልነበረኝ ድምፅ ጠራሁት።

«አያ ኑርሁሴን! ዕቃ ጥለሃል።»

ዞረ። መጀመሪያ ብልቃጧን አየ፣ ቀጥሎ እኔን። ከዘራው ወለሉ ላይ ተንሸራተተበት።

«ሐሊማ» አለ። «ሰው አለ፣ ዝም በይ።»

«ያኔም ሰው ነበር። ቅዳሜ ነበር።» ወደ መዲና ዞርኩ። «የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ፣ ልጄ። መካኗ። ያች ነፍሰ ጡር አሁን ከዚያ ክፍል የምትወጣው ልጄ ናት። ሌሎቹ ሁለቱም ወልደዋል። ይህ ሰው ግን በሕይወቱ ተመርምሮ አያውቅም። በእኔ ጊዜ የሰጡትን ብልቃጥ እናቱ ኩል ሞላችበት፤ ያንችን ደግሞ ይኸው አበባ ሥር ጣለው።»

 ለይላ ከክፍሉ ወጥታ በሩን እንደያዘች ቀረች። መዲና መጥታ ብልቃጧን ከእጄ ወሰደች። ክዳኗን ከፍታ ውስጧን አየች፣ ደረቅ ነው። መልሳ ዘጋቻትና ባሏ ፊት ቆመች።

«ይኸው፣ ይያዙት» አለችው፣ አንቱታዋን ሳታጓድል። «እዚሁ እጠብቅዎታለሁ።»

የወንድ ዘር ማነስ ነውር አይደለም፤ የሰጠም የነሳም አላህ ነው። ያ ሰው ናሙናውን ቢሰጥ ኖሮ፣ ማይክሮስኮፑ ምንም ቢል፣ ወላሂ ያን ቀን ቂሜን እዚያው ወለል ላይ ጥዬ በሄድኩ ነበር። ኑርሁሴን ግን ብልቃጧን ተቀብሎ ወንበር ላይ አስቀመጣት፣ ወጥቶ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። መዲና ክሊኒኩ እስኪዘጋ ጠበቀች። እኔም አብሬያት ጠበቅኩ። ከዚያ እናቷ ቤት አደረስኳት። ባሕር ዳርም አልሄደች፣ ሆዷም አልተቀደደ።

ማታ ለሰይድ ስነግረው «እንግዲህ በቃሽ?» አለኝ። «አልበቃኝም» አልኩት። ዝም ብሎ ሳቀ፤ ያውቀኛል። ወሬው ግን በሦስተኛው ቀን አራዳ ደርሶ ነበር። አሁን ሱቁ ውስጥ ጨርቅ የሚለካ ሠራተኛ ነው፤ ኑርሁሴን በእናቱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ደም አልገጠመም የሚል ሰው ከዚያ ወዲያ አልሰማሁም።

መዲና ራሷ ፍቺ ጠይቃ ወጣች። ዘንድሮ አንድ የአዘዞ አናጢ ጠየቃት፤ እሷም ተመርመር ብትለው እንደ ሰይድ ሳያቅማማ ሄዶ ተመረመረ አሉ። የሂናው ዕለት ደውላ «እማማ ሐሊማ፣ እርስዎ ካልበጠበጡት አልቀባም» አለችኝ። ሄድኩ። ሴቶቹ ዳር ዳሩን ተቀምጠው ሳህኑን መሀል አስቀመጡልኝ። ውሃውን እኔ ጨመርኩ፣ በእጄ አሸሁት፣ እጆቿን እኔ ቀባሁ። ሻይ የቀዱት ሌሎች ናቸው።

በማግስቱ ሰርጉ ቅዳሜ ነበር። ሙሽሮቹን የያዘውን ሚኒባስ የሚነዳው ሰይድ ነው፤ ሽማግሌ ቢሆንም መሪ ሲይዝ ይዋጣለታል። ከአዲስ ዓለም ወደ አዘዞ ለመሄድ በአራዳ ማለፍ ግድ አልነበረም። በአራዳ ሂድ አልኩት። ገበያው ደምቋል፣ ሴቶቹ ከኋላ እልል ይላሉ፣ መዲና ነጭ በነጭ ለብሳ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። ሱቁ ሲታየኝ ወደ ሰይድ ጎንበስ አልኩ።

«ቀስ ብለህ ንዳ።»

«ከኋላ ያሉት ይጮኹብናል፣ ሴትዮ።»

«ይጩኹ። ቀስ በል አልኩህ፤ ሙሽራ አለበት።»

ቀስ አለ። ሚኒባሱ ከበርጩማዋ ፊት ሊቆም ትንሽ ሲቀረው ኑርሁሴን ቀና አለ፤ መዲናን አየ፣ እኔን አየ። ሰይድ አንዴ ክላክሱን ነክቶ እጁን ሊያነሳ ሲል፣ ጩኸቱ እንዳይቆም በሂና የቀላ እጄን ከእጁ ላይ ጫንኩበት።